የትሬይሉ ገንዘብ እንዳይሸሽ፦ በሜሪላንድ ለምንኖር የበጀት መከታተያ መመሪያ

በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ስላይጎ ክሪክ ትሬይልን (የእግርና የብስክሌት መንገዱን) የማያውቅ አይመስለኝም። ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ የሚንሸራሸሩ እናቶች፣ ለማራቶን የሚዘጋጁ ልጆች፣ ሐኪም ለስኳሩ "በእግርህ ሂድ" ያለው ጎልማሳ፣ ሁሉም እዚያ ነው። መግቢያ ስለማይከፈልበት መንገዱ ገንዘብ የሚበላ አይመስልም። ይበላል እንጂ! የዛፍ ሥር አስፋልቱን ከታች ሲፈነቅለው፣ ጎርፍ የድልድዩን እግር ሲሸረሽረው፣ በጀት ውስጥ አንድ መስመር ካልተጻፈለት በስተቀር የሚጠግነው አይገኝም።

ይህ መመሪያ ያንን መስመር ስለመጠበቅ ነው። የጻፍኩት በሜሪላንድ፣ በተለይም በሞንትጎመሪ ካውንቲ ለምንኖር ሰዎች ነው። ቨርጂኒያ ወይም ዲሲ የምትኖሩ የቢሮዎቹ ስምና ቀኖቹ ይለዩባችኋል፤ የፌዴራሉ ክፍል ግን ለሁላችንም አንድ ነው። ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንወቅ። ለትሬይል የተመደበ ገንዘብ "ተሰረዘ" ተብሎ በአደባባይ ሲነገር እምብዛም አትሰሙም። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ሥራው ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይገፋል፤ ወይም ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ይዞራል፤ ወይም ሳይሠራበት ጊዜው ያልፍና ይነጠቃል። መግፋቱን ካውንቲው ጋ፣ ማዞሩን በስቴቱ መዲና በአናፖሊስ፣ መንጠቁን ዋሽንግተን ላይ በብዛት ታገኙታላችሁ። ሰልፍ መውጣት ለእንዲህ ያለው ነገር ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ቀኑንና ገጹን ማወቅ ነው።

አንደኛ፦ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ለዩ

ሦስት ምንጮች አሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ፤ ደብዳቤ ስትጽፉ ይህንን አትርሱ።

የመጀመሪያው የካውንቲው ነው። በሞንትጎመሪ ፓርኮቹን የሚያስተዳድረው በ1927 የተቋቋመው የሜሪላንድ ናሽናል ካፒታል ፓርክ ኤንድ ፕላኒንግ ኮሚሽን ነው። በአብዛኛው የካውንቲው ክፍል ቤት ያለው ሰው ከሚከፍለው የንብረት ግብር ውስጥ የፓርክ ድርሻ አለበት። ሮክቪልና ጌይዘርስበርግ የራሳቸው ፓርክ ስላላቸው ከዚህ ውጭ ናቸው። ትልልቅ ሥራዎች ደግሞ በቦንድ፣ ማለትም ካውንቲው ወይም ኮሚሽኑ በሚበደረው ገንዘብ ይሠራሉ።

ሁለተኛው የስቴቱ ነው። ሜሪላንድ በ1969 ፕሮግራም ኦፕን ስፔስ የሚባል ፈንድ አቋቁማለች። ቤት ስትገዙ ክሎዚንግ ላይ ከተሰጣችሁ ወረቀት ውስጥ "ስቴት ትራንስፈር ታክስ" የሚለውን መስመር ፈልጉ። መጠኑ ከቤቱ ዋጋ ግማሽ በመቶ ነው። የ500 ሺህ ዶላር ቤት ከሆነ 2,500 ዶላር ማለት ነው። በሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ከሆነ ግን ታክሱ በግማሽ ይቀንሳል፤ እሱንም የሚከፍለው ሻጩ ነው። የዚህ ታክስ ዋና ዓላማ ለፓርክ የሚሆን መሬት መግዛት፣ ፓርኮችንና ትሬይሎችን መሥራት ነው። ቤት የሚገዛው ወገናችን በዝቷል፤ ከከፈለው ታክስ ጋር ይህን ፈንድ የሚያያይዘው ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው የፌዴራሉ ሲሆን ሁለት ቦርሳ አለው። አንዱ ሪክሪዬሽናል ትሬይልስ ፕሮግራም ይባላል፤ መሠረቱ በ1991 የተጣለ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከመኪና መንገድ ውጭ በሚነዱ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በበረዶ ላይ ሞተርና በጫካ ሞተር ብስክሌት፣ ከሚቃጠለው ቤንዚን ላይ ከተቆረጠ ቀረጥ ነው። በአገር ደረጃ በዓመት 84 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የእያንዳንዱ ስቴት ድርሻ በ2009 ባገኘው መጠን ላይ ቆሟል፤ የአስፋልትና የጉልበት ዋጋ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ እናንተው ታውቃላችሁ። ሁለተኛው ቦርሳ ከ1964 ጀምሮ ያለው ላንድ ኤንድ ዋተር ኮንሰርቬሽን ፈንድ ነው። ይኸኛው ከግብር የሚመጣ አይደለም፤ በባሕር ውስጥ ነዳጅ የሚያወጡ ኩባንያዎች ለመንግሥት ከሚከፍሉት ኪራይና ድርሻ የሚቆረጥ ነው።

ሁለተኛ፦ ቀኖቹን ስልካችሁ ላይ አስገቡ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ቀን ማወቅ ግድ ነው። በጀት ከጸደቀ በኋላ የሚላክ ደብዳቤ መልካም መልስ ያገኛል፤ ዶላር ግን አያገኝም።

በካውንቲው የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። ስሙ የሚጠራው በሚያልቅበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ጁላይ 2026 የሚጀምረው "ኤፍዋይ 27" ይባላል። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሁለት በጀት አለ። አንደኛው የሥራ ማስኬጃ ሲሆን የካውንቲው አስፈጻሚ እስከ ማርች 15 ያቀርበዋል። ሁለተኛው የስድስት ዓመት የግንባታ ዕቅድ፣ ሁሉም "ሲአይፒ" የሚለው ነው፤ በሙሉ የሚቀርበው ቁጥሩ ሙሉ በሆነ ዓመት (2026፣ 2028...) እስከ ጃንዋሪ 15 ነው። በመካከለኛው ዓመት ማሻሻያ ብቻ ይቀርብበታል። ምክር ቤቱ ሁለቱንም እስከ ጁን 1 ማጽደቅ አለበት። የሥራ ማስኬጃው ላይ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው ኤፕሪል ውስጥ ነው፤ በሜይ ኮሚቴዎች ይደራደሩና አጋማሹን አለፍ ሲል ሁሉም ነገር ይቋጫል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማንም የማያየው ወቅት አለ። ሲአይፒው ወደ ምክር ቤቱ ከመሄዱ በፊት በነበረው የመጸው (ፎል) ወራት አምስት አባላት ያሉት የፕላኒንግ ቦርድ የፓርኮቹን ጥያቄ ያዘጋጃል። በዚያ ስብሰባ ላይ የሚቀርበው ሰው ጥቂት ነው። ለአንድ ዓመት የሚበቃ ጉልበት ብቻ ካላችሁ እዚህ ላይ አውሉት እላለሁ። ረቂቅ ውስጥ ያልገባን ነገር ኋላ ማስገባት፣ የገባን ከማስጠበቅ እጅግ ይከብዳል።

አናፖሊስ ውስጥ የስቴቱ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ ለ90 ቀን ብቻ ነው። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ በሩ ይዘጋል። ፌብሩዋሪ ዋናው ወር ነው።

ሦስተኛ፦ አንዷን ገጽ ማንበብ ተማሩ

ሲአይፒ ሲባል በሺህ የሚቆጠር ገጽ ስለሆነ ሰው ይደነግጣል። እናንተ የምትፈልጉት ግን ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ነው። በፓርኮቹ ክፍል ውስጥ "ትሬይልስ" በሚል ቃል የሚጀምሩ ፕሮጀክቶችን ፈልጉ፦ አንዱ "ሃርድ ሰርፌስ ሪኖቬሽን" ይላል፣ የአስፋልት መንገዶችን ማደስ ነው። ሌላው "ሃርድ ሰርፌስ ዲዛይን ኤንድ ኮንስትራክሽን"፣ አዲስ መሥራት ነው። ሦስተኛው "ናቹራል ሰርፌስ" የሚለው በጫካ ውስጥ ያለ የአፈር መንገድ ነው።

ገጹን ስትከፍቱ ላይኛው ሰንጠረዥ ወጪውን በዓመት በዓመት ይዘረዝራል። ቁጥሮቹ በሺህ ዶላር ናቸው፤ 300 ካለ 300 ሺህ ዶላር ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄዱ መጀመሪያ ጠቅላላው፣ ቀጥሎ እስካሁን የወጣው፣ ከዚያ የስድስቱ ዓመት ድምር፣ ከዚያ እያንዳንዱ ዓመት ለየብቻው ይመጣል። መጨረሻ ላይ፣ በስተቀኝ ጠርዝ፣ "ቢዮንድ 6 ይርስ" የሚል ዓምድ አለ። ከስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዓይናችሁ መጀመሪያ እዚያ ይረፍ። ባለፈው ዕቅድ በሦስተኛው ዓመት የነበረ ገንዘብ በአዲሱ ዕቅድ ወደዚያ ዓምድ ከተሸጋገረ ፕሮጀክቱ በወረቀት ላይ አለ፣ ጠቅላላ ዋጋውም አልተነካም፣ ነገር ግን ማንም ቀን አልቆረጠለትም። ምክር ቤት ውስጥ "ፕሮጀክቱ አልተሰረዘም" ሲባል የምትሰሙት ይህንኑ ነው፤ ውሸትም አይደለም።

ከዚህ አካባቢ ምሳሌ ከፈለጋችሁ የካፒታል ክሬሰንት ትሬይልን ተመልከቱ። ከቤተስዳ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስደው ክፍል በ2017 ለፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ ተዘጋ። በቤተስዳ ከዊስኮንሰን አቬኑ ሥር ያልፋል የተባለው የትሬይሉ ዋሻ ደግሞ ዋጋው እየከበደ ከበጀት በጀት ሲገፋ ቆይቷል። በባቡሩ መዘግየት ላይ ብዙ ተጽፏል፤ የዋሻው መገፋት ግን በአብዛኛው የታየው በእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው።

ከወጪው በታች ሌላ ሰንጠረዥ አለ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል። "ቦንድስ" ካለ ብድር ነው። "ፕሮግራም ኦፕን ስፔስ" ካለ ያ የቤት ታክስ ነው። "ከረንት ሬቨኑ" ካለ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ እሱን አስምሩበት። ጥሬ ገንዘብ ለትምህርት ቤትም፣ ለእሳት አደጋም፣ ለሁሉም ስለሚያገለግል ገቢ ሲቀንስ ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው። የቦንዱን መስመር በጥሞና፣ የጥሬ ገንዘቡን በጭንቀት ተመልከቱት።

ያለፈውንና አዲሱን ገጽ ጎን ለጎን አትሙና በእስክሪብቶ አመሳክሩ። በኮምፒውተር መስኮት እየቀያየሩ ማመሳከር ያሳስታል፤ ወረቀት ይሻላል።

አራተኛ፦ አናፖሊስ ውስጥ "በርፋ"ን ፈልጉ

የትራንስፈር ታክሱ በሕግ ለፓርክና ለመሬት ጥበቃ የተለየ ነው ብለን ነበር። ይሁንና ስቴቱ ገንዘብ ሲያጥረው ከዚህ ፈንድ ወስዶ ወደ ጠቅላላው በጀት ማዞሩ በተደጋጋሚ ሆኗል። ይህ ብዙ ሰው ስላስቆጣ በ2016 የተወሰደው ደረጃ በደረጃ እንዲመለስ የሚያዝ ሕግ ወጣ። አንድ ሕግ ያዘዘውን ግን ሌላ ሕግ ሊያስተካክለው ይችላል። ያ ሌላ ሕግ ብዙውን ጊዜ ከበጀቱ ጋር ተያይዞ የሚቀርበው የበጀት ማስታረቂያና የፋይናንስ ሕግ ነው፤ አናፖሊስ ውስጥ ያሉ ሰዎች በአጭሩ "በርፋ" ይሉታል።

በርፋ ረጅም ነው፤ ሁሉን አታንብቡት። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ሰነዱን ክፈቱና "ትራንስፈር ታክስ" እና "ፕሮግራም ኦፕን ስፔስ" የሚሉትን ሐረጎች በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፋችሁ በመፈለጊያው አስሱ። ካልመጣ እሰየው። ከመጣ ያንን አንቀጽ ብቻ ደጋግማችሁ አንብቡ።

ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ። ዲፓርትመንት ኦፍ ሌጂስሌቲቭ ሰርቪስስ የሚባለው የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ቢሮ በየዓመቱ የእያንዳንዱን መሥሪያ ቤት በጀት እየተነተነ ያወጣል፤ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱንም ጭምር። ቋንቋው ደረቅ ቢሆንም ግልጽ ነው። የት ላይ መቁረጥ እንደሚቻል የሚመክሩትም እነሱ ስለሆኑ ትንታኔው ጥሩ ማስጠንቀቂያ ይሆናችኋል።

በሜሪላንድ እያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ሴናተርና ሦስት ደለጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) አሉት። አራት ሰው ማለት ነው። አራቱንም ጻፉላቸው፤ በተለይ ከመካከላቸው የሴኔቱ የበጀትና ታክስ ኮሚቴ ወይም የታችኛው ምክር ቤት የአፕሮፕሪዬሽንስ ኮሚቴ አባል ካለ ያኛው ከሌሎቹ ይበልጣል። ቀድሞ የሜሪላንድ ምክር ቤት የገዢውን በጀት መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። በ2020 ሕዝብ ባጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምክንያት አሁን ጠቅላላው ድምር ሳያልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ማሸጋገር ይችላል። "እኛ መጨመር አንችልም" የሚል የቆየ መልስ የሰጣችሁ ሰው ካለ ይህንን በትሕትና አስታውሱት።

አምስተኛ፦ የፌዴራሉ ገንዘብ የሚጠፋባቸው ሦስት በሮች

የመጀመሪያው በር የገዢው ነው። የአንድ ስቴት ገዢ ከፈለገ ከሪክሪዬሽናል ትሬይልስ ፕሮግራም በዚያ ዓመት ልውጣ ማለት ይችላል። ገንዘቡ ኦክቶበር 1 ከመከፋፈሉ 30 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ኦገስት ውስጥ፣ ሁሉም ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ፣ ለገዢው ቢሮ አጭር ደብዳቤ መላክ ዋጋ አለው፦ "ስቴታችን ዘንድሮም በፕሮግራሙ ይቀጥላል ወይ?" መልሱ "አዎ" ይሆናል ብላችሁ ብታስቡም ጥያቄው ራሱ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ያሳውቃል።

ሁለተኛው በር ጊዜ ነው። ለስቴቱ የተመደበው ገንዘብ በሥራ ውል ሳይታሰር ከተመደበበት ዓመት ሌላ ሦስት ዓመት ካለፈው ይቃጠላል። ከዚያ በፊትም ኮንግሬስ "ያልታሰረውን መልሱ" ሊል ይችላል። በ2015 የወጣው የመንገድ ሕግ ጁላይ 1 ቀን 2020 ከስቴቶች 7.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያልታሰረ የመንገድ ገንዘብ እንዲመለስ ቀን ቆርጦ ነበር። በ2019 መጨረሻ ባይሻር ኖሮ ይነጠቅ ነበር። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ሲመጣ ሳይሠራበት የተቀመጠ የትሬይል ገንዘብ ለመነካት የቀረበ ነው፤ የሚከላከልለት የለምና። ገንዘቡ ሳይታሰር የሚቀመጥበት አንዱ ምክንያት ደግሞ አከፋፈሉ ነው፦ መጀመሪያ ከኪሳችሁ ታወጣላችሁ፣ ከዚያ ይተካላችኋል። ትንሽ ማኅበር ይህን አይችለውም። ካውንቲው ወይም ከተማው አመልካች እንዲሆን መገፋፋት ይሻላል።

ሦስተኛው በር የሕጉ ዕድሜ ነው። በኖቬምበር 15 ቀን 2021 የተፈረመው የመሠረተ ልማት ሕግ ፕሮግራሙን የያዘው እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ነው። እንዲህ ያሉ የመንገድ ሕጎች ሲታደሱ ትንንሾቹ ፕሮግራሞች በትልልቆቹ ውስጥ ሊሟሟ ይችላሉ። ለኮንግሬስ አባል የሚጻፈው ቃል አጭር ነው፦ ፕሮግራሙ ራሱን ችሎ ይቀጥል፣ መጠኑም ከ2009 ደረጃ ከፍ ይበል።

ላንድ ኤንድ ዋተር ኮንሰርቬሽን ፈንድ በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ለአምስት አሥርተ ዓመታት ገቢ ከተደረገለት ግማሽ ያህሉ ለታለመለት ነገር ሳይውል ቀርቷል። በ2015 እና በ2018 ደግሞ የሕጉ ዕድሜ አልቆ ነበር። በ2019 ዘላቂ ተደረገ፤ በኦገስት 4 ቀን 2020 የተፈረመው ግሬት አሜሪካን አውትዶርስ አክት ደግሞ በየዓመቱ 900 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጠው አደረገ። ሕጉ በሴኔት 73 ለ25፣ በታችኛው ምክር ቤት 310 ለ107 ነው ያለፈው። የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ድምፅ አለበት። ስለዚህ ስትጽፉ የፓርቲ ቋንቋ ከደብዳቤያችሁ አውጡ፤ ይህ ጉዳይ የሁለቱንም ወዳጅ ይፈልጋል።

ስድስተኛ፦ ማስረጃ በእጃችሁ ይኑር

"ብዙ ሰው ይጠቀማል" ማለት ማስረጃ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት አንድ ድልድይ ዳር ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። በወረቀት ላይ አራት ዓምድ ይበቃል፦ በእግር፣ በሩጫ፣ በብስክሌት፣ በጋሪ ሕፃን የያዘ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር። በየ15 ደቂቃው መስመር አስምሩ። የተሰነጠቀ አስፋልት ፎቶ ስታነሱ ሳንቲም ወይም የእግር ጫማ አጠገቡ አስቀምጡ፤ ያለ መለኪያ የተነሳ ስንጥቅ ፎቶ ላይ ከፀጉር አይበልጥም። ቦታውን በአቅራቢያው ካለ መንገድ ስም ጋር ጻፉት።

የበጎ ፈቃድ ሥራ ራሱ ገንዘብ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በሪክሪዬሽናል ትሬይልስ ፕሮግራም የፌዴራሉ ድርሻ በአብዛኛው እስከ 80 በመቶ ነው፤ የቀረውን አመልካቹ ያሟላል። የ100 ሺህ ዶላር ሥራ ከሆነ 20 ሺሁ ከአመልካቹ ይጠበቃል ማለት ነው፤ ከዚያም ውስጥ በጎ ፈቃደኞች የሠሩበት ሰዓት ተተምኖ ሊገባ ይችላል። ለዚህ መዝገብ ያስፈልጋል፦ ስም፣ ቀን፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የተሠራው ሥራ፣ ፊርማ። ፊርማ የሌለበት ሰዓት አይቆጠርም ብላችሁ ያዙት። እግረ መንገዳችሁን፣ በሜሪላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለበት፤ ሞንትጎመሪ ውስጥ 75 ሰዓት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሰዓቱ እንደሚያዝላቸው ግን ከትምህርት ቤቱ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሰባተኛ፦ ተናገሩ

"በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። በበጀት ወቅት የተዘጋ አፍ ግን "ተቃውሞ የለም" ተብሎ ይመዘገባል።

የሞንትጎመሪ ምክር ቤት 11 አባላት አሉት፤ ሰባቱ የየወረዳቸው፣ አራቱ የሁሉም ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነዋሪ አምስት ተወካይ አለው። በስብሰባ ለመናገር አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሚሰጣችሁ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በአማርኛ መናገር የምትፈልጉ አስተርጓሚ ከቀናት በፊት ጠይቁ። አስተርጓሚው ከእናንተ ቀጥሎ ስለሚናገር ንግግራችሁን በግማሽ አሳጥሩት። ዲሲ የምትኖሩ ከሆነ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ጭምር ስለሚመለከት አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና ሳይሆን መብታችሁ ነው።

ዜግነት ያልወሰደ ሰውም መናገርና መጻፍ ይችላል። የድምፅ መስጫ ካርድ አይጠየቅም፤ ነዋሪ መሆን ይበቃል። ሆኖም የምትሰጡት ስምና ጽሑፍ በአደባባይ ይቀመጣል። በራሱ ምክንያት ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ሰው ካለ አታስገድዱት፤ በማኅበር ስም የሚጻፍ ደብዳቤ ለሱ ይሻለዋል።

ለአፍ ንግግር ይህን የመሰለ ይበቃል፦

"ስሜ እገሌ ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የመጣሁት 'ትሬይልስ፦ ሃርድ ሰርፌስ ሪኖቬሽን' ለሚባለው ፕሮጀክት በዚህ ዓመት የተያዘው ገንዘብ እንዳይገፋ ለመጠየቅ ነው። ባለፈው ዕቅድ በሁለተኛው ዓመት ይህን ያህል ነበር፤ አሁን ወደ ስድስተኛው ሄዷል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቆመን ይህን ያህል ሰው ቆጥረናል። ፎቶው እጃችሁ ላይ ነው። ገንዘቡ ወደነበረበት ዓመት እንዲመለስ እንጠይቃለን። አመሰግናለሁ።"

በቃ። ስለ ተፈጥሮ ውበት፣ ስለ ስፖርት ጥቅም ብዙ አትጨምሩ፤ እሱን ሌላው ተናጋሪ ሁሉ ይለዋል። የፕሮጀክቱን ስም ግን በጽሑፉ ላይ እንደተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጡት። ደብዳቤ በኮምፒውተር ከአማርኛ ከተረጎማችሁ ከመላካችሁ በፊት ሃይስኩል የሚማር ልጅ አንዴ ያንብበው።

በሜይ ውስጥ ፓርኮችን የሚመለከተው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ከመሰብሰቡ በፊት የምክር ቤቱ ባለሙያ ማስታወሻ ያወጣል። ያንን አንብቡና በማግስቱ ሁለት መስመር ኢሜይል ላኩ። ከኤፕሪሉ ረጅም ንግግር ይልቅ ይቺ ሁለት መስመር ሥራ ስትሠራ አይቻለሁ፤ ውሳኔው በሚወሰንበት ሳምንት ነውና የምትደርሰው።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና እድር በበጀት ጉዳይ ደብዳቤ መጻፍ ይችላሉ። ከግብር ነፃ የሆነ ማኅበር ይህን በመጠኑ እንዲያደርግ ሕጉ ይፈቅዳል። ለምርጫ እጩ መደገፍ ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ውስጥ ሕግ አዋቂ ሳታማክሩ አትግቡ። በእድር ደብዳቤ ላይ "ይህን ያህል አባወራ አለን" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መኖር አለበት። የሚታየው እሱ ነው።

ስምንተኛ፦ ከጸደቀ በኋላ አትተኙ

የጸደቀ ገንዘብ የተሠራ ሥራ አይደለም። በሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው የመንግሥት ሰነድ መጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከ10 የሥራ ቀን በላይ የሚወስድበት ከሆነም ያንን ማሳወቅ ይኖርበታል። ለፍለጋ የሚወስደው የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት አይከፈልበትም። ስለዚህ ጥያቄያችሁን አጥብባችሁ ጻፉ፦ "ለዚህ ትሬይል በዚህ ዓመት ከጸደቀው ገንዘብ ምን ያህሉ በውል ታስሯል? ምን ያህሉስ ወጥቷል?" "ስለ ትሬይሎች ያለውን ሰነድ ሁሉ" ብላችሁ ብትጠይቁ ሂሳቡ ያስደነግጣችኋል።

የፌዴራሉን የትሬይል ገንዘብ የሚቀበል ስቴት ሁሉ የትሬይል አማካሪ ኮሚቴ ሊኖረው ይገባል፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል። በሜሪላንድ ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው የስቴቱ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ነው። የስብሰባውን ቀን ከዚያ ጠይቁ።

ሌላ ማረጋገጥ የሚገባችሁ ነገር የመሬቱ ታሪክ ነው። ፓርኩ በላንድ ኤንድ ዋተር ኮንሰርቬሽን ፈንድ ገንዘብ የተገዛ ወይም የተሠራ ከሆነ ሴክሽን 6ኤፍ የሚባለው አንቀጽ ይጠብቀዋል። የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ፈቃድና ዋጋው የማያንስ ምትክ መሬት ከሌለ ለሌላ ዓላማ ሊውል አይችልም። አንድ ቀን "እዚህ ላይ የመኪና ማቆሚያ እንሥራ" የሚል ሐሳብ ሲመጣ ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ወደ ስብሰባው ወረቀት ይዞ ይገባል። ዝርዝሩን የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ጋ ታገኛላችሁ።

ያተማችሁትን የሲአይፒ ገጽ አትጣሉት። ቀኑን ጽፋችሁበት በአቃፊ አስቀምጡት፤ የፕላኒንግ ቦርዱ የሚቀጥለውን የስድስት ዓመት ረቂቅ ሲያወጣ ከአዲሱ ጎን የምታነጥፉት እሱን ነው።